ለአዲስ ጎረቤቶች የእድር መግቢያ እንዴት ነው የምታስከፍሉት? (ድሬዳዋ)

የለገሃሬው ጡረተኛ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። ከቀያቸው ተፈናቅለው ወደ ድሬ ከመጡት መካከል ሰባት አባወራዎች እኛ ሰፈር ተከራይተው ይኖራሉ። እድር እንግባ ብለዋል። ደንባችን ግን አዲስ አባል የድንኳኑን፣ የወንበሩን፣ የብረት ድስቱን ድርሻ በአንድ ጊዜ ይክፈል ይላል። ከየት አምጥተው?

ሐምሌ ላይ የአንዱ እናት አረፉ። ጎረቤቱ ለቅሶ ደረሰ፣ ንፍሮም ተቀቀለ። ድንኳኑ ግን "አባል አይደሉም" ተብሎ ከመጋዘን አልወጣም። ልጁ በአራት እንጨት ላይ የእህል ማስጫ ሸራ ወጠረ። ሸራው ስላነሰ ለቀስተኛው ጥላውን እየተከተለ ቦታ ይቀያይር ነበር። የመጋዘኑ ቁልፍ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር። እስካሁን ያንገበግበኛል።

በደርግ ጊዜ ቡልጋሪያ፣ ፕሎቭዲቭ ከተማ እርሻ ተምሬያለሁ። የተማሪዎች ምግብ ቤት አብሳይ የነበሩ እናት እሁድ እሁድ አሴኖቭግራድ፣ ቤታቸው ይወስዱኝ ነበር። ከተማዋ እስከ 1934 ስታኒማካ ነበር የምትባለው፤ ግሪኮች የሚበዙባት ከተማ ነበረች (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በ1919 ግሪክና ቡልጋሪያ ሕዝብ ለመለዋወጥ ተፈራረሙ። ወረቀቱ "በፈቃድ" ይላል። ግሪኮቹ ቀስ በቀስ ወጡ፤ ከግሪክ በኩል ካለችው መቄዶንያና ከትራኪያ የመጡ ቡልጋሪያዎች ገቡ። የሴትዮዋ አባትም አንዱ ናቸው።

በ1926 በመንግሥታት ማኅበር በኩል ብድር ተገኝቶ ለስደተኞቹ መሬትና ቤት ይሰጥ ጀመር። ሴትዮዋ ግን ስለ ብድሩ አንድም ቀን አላነሱልኝም። የሚያነሱት "ቤዣንትሲ" የሚለውን ስም ነበር። ስደተኞች ማለት ነው። ቋንቋቸው አንድ፣ እምነታቸው አንድ። እዚያው ተወልደው፣ እዚያው ተድረው እንኳ "የቤዣንትሲዎቹ ልጅ" ነበሩ።

አንድ መስከረም ጓሮ ውስጥ ቃሪያ እየጠበስን የበሩን ጉበን አሳዩኝ። ድንጋዩ ላይ በግሪክ ፊደል የቀድሞው ባለቤት ስም ተቀርጿል። ሰዎች "ፋቀው" ሲሏቸው አባታቸው እምቢ አሉ። "የእኛም ቤት ውስጥ አሁን ሰው አለ። እሱም የአባቴን ስም አይፋቅብኝ" ብለው።

ድሬ ራሷ ባቡሩ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ በ1902 የተቆረቆረች ከተማ ናት። ግሪኩም፣ አርመኑም፣ የመኑም፣ ህንዱም መጥቶ ገባባት። የእኔም አባት ለባቡር ሥራ ከሸዋ የመጣ ነው።

የእናንተ እድር ምን አደረገ? እሁድ ስብሰባ አለን።

ከሳቢያን፦

ጋሼ፣ እኛ ጋ መግቢያውን ከወርሃዊው መዋጮ ጋር በሁለት ዓመት ይከፍላሉ። ድንኳንና ወንበር ከመጀመሪያው ቀን ያገኛሉ። የለቅሶው ገንዘብ ግን ስድስት ወር ይጠብቃል። አለዚያ ነባሩ አባል ካዝናው ይራቆታል ብሎ ይሰጋል፤ ስጋቱም እውነት ነው። በቃለ ጉባኤ አስፍሩት።

ገንደ ቆሬ፦

እኔ አልስማማም። አባቴ ለእድራችን ድንኳን ሰላሳ ዓመት ከፍሏል። ነገ ወደ አገራቸው ቢመለሱስ?

የጁገል ልጅ፣ ሐረር፦

እኛ ጋ እድሩ አፎቻ ነው የሚባለው። እናቴ በሴቶቹ አፎቻ ውስጥ ናት። አዲስ የመጣች ጎረቤቷን መጀመሪያ ለሠርግ ሥራ ይዛት ሄደች። አብራ ሽንኩርት ከላጠች፣ አብራ ካሳለፈች በኋላ "ትግባ አትግባ" ብሎ የጠየቀ የለም። ጋሼ፣ ሰባት አባወራ ብለዋል። ሚስቶቻቸውን አነጋገራችሁ?

የለገሃሬው ጡረተኛ፦

አላነጋገርንም፤ እውነትሽን ነው። ዛሬ ማታ ከባለቤቴ ጋር እሄዳለሁ።

የገንደ ቆሬው ልጄ፣ የአባትህን ልፋት አልክድም። ቢመለሱ ግን ድንኳኑን ይዘው አይሄዱም። የከፈሉትንም እዚሁ ትተውልን ነው የሚሄዱት።

የሳቢያኑን አሠራር ለእሁድ አዘጋጅቼዋለሁ። አንድ ነገር ጨምሬበታለሁ። አንዳንዱ አባል መዝገቡ ላይ "ተፈናቃይ" የሚል የተለየ ገጽ ይከፈት ብሎ ነበር። አልከፍትም። ስማቸው በፊደል ተራ ከእኛው ጋር ይገባል።