«የሚጮኸው ፋኑ ነው» ማለት መልስ ነው?

ባለ ማይክ፦ ትናንት አንድ ልጅ ለቤት ውስጥ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ድምፅ የሌለው ኮምፒውተር ልገጣጥም፣ የትኛው ፕሮሰሰር ይሻላል ብሎ ጠየቀ። የተሰጠው መልስ «ፕሮሰሰር አይጮህም፣ የሚጮኸው ፋኑ ነው፤ ትልቁን ግዛ» የሚል ነው። በጣም አናደደኝ። እኔ ድምፅ የምቀዳው ኮምፒውተሩ ባለበት ክፍል ነው። ኤክስፖርት እያደረገ (ያለቀውን ቪዲዮ እያወጣ) ከሆነ ማይኩ ፉጨቱን ለቅሞ ያስገባዋል። ፋኑን ማን አስጮኸው ታዲያ?

ባለ 16 ኮር፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። ፋኑ ነው! ራይዘን 9 7950ኤክስ አለኝ፣ የኤኤምዲ ባለ 16 ኮር ፕሮሰሰር። ባዮስ (የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ማስተካከያ) ገብቼ ኢኮ ሞዱን፣ ኃይል ቆጣቢውን ማለቴ ነው፣ 65 ዋት ላይ አደረግኩት። ከዚያ ወዲህ መብራቱን ካላየሁ መከፈቱን አላውቅም።

ኤዲተሯ፦ ወንድሜ፣ ዋት ቀነስክ እንጂ ፋን ቀየርክ? ራስህ መለስከው እኮ። ያንተ ፕሮሰሰር ወረቀቱ ላይ 170 ዋት የተጻፈበት፣ ሲፈቀድለት እስከ 230 የሚስብ ነው። የኢንቴሉ 14900ኬ ደግሞ እስከ 253 ይወጣል። ያ ሙቀት የሆነ ቦታ መውጣት አለበት።

ባለ 16 ኮር፦ ዋቱን በእጄ መቀነስ ከቻልኩ ትልቁን መግዛቴ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?

ኤዲተሯ፦ ጥፋቱ ልጁ ይህን ሳትነግረው «ግዛ» ማለትህ ነው። ደግሞ ካሜራው የሚቀዳው 10 ቢት 4:2:2 ኤችኢቪሲ (ብዙ የቀለም መረጃ የያዘ፣ በጣም የተጨመቀ የቪዲዮ ዓይነት) ከሆነ ያንተ ራይዘን በሃርድዌር፣ ለዚሁ በተሠራ ክፍል ማለቴ ነው፣ አይፈታለትም። ታይምላይኑን (ክሊፖቹ የሚደረደሩበትን መስመር) ጎተት ባደረገ ቁጥር ኮሮቹ ሁሉ ለሥራ ይነሳሉ፣ ፋኑም አብሮ ይነሳል። የኢንቴል ኩዊክ ሲንክ፣ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ቪዲዮ ፈቺ ክፍል፣ ያንኑ ፋይል ያለ ጭንቀት ያጫውተዋል።

ባለ ማይክ፦ የኔ ችግር ይሄ ነበር! ክሊፑን ወደ ኋላ ሳብ ሳደርግ ነው ፉጨቱ የሚጀምረው።

ታዛቢ፦ ሲገዛ ግን ስሙ መጨረሻ ላይ «ኤፍ» ያለበትን እንዳይወስድ። እሱ ውስጡ ግራፊክስ የለውም፣ ኩዊክ ሲንክም የለውም።

ባለ 16 ኮር፦ ኩዊክ ሲንክ፣ ኩዊክ ሲንክ! 4:2:2 ሆኖ በኤች264 (ከኤችኢቪሲ በፊት በነበረው የቪዲዮ ዓይነት) ለሚቀዳ ካሜራ ምን ይጠቅመዋል? የ14900ኬው እሱን አይፈታም። ፕሮክሲ (ለኤዲቲንግ ብቻ የሚሆን ቀለል ያለ ቅጂ) ይሥራ፣ አለቀ።

ኤዲተሯ፦ ይሄኛው እውነት ነው፣ አልክድም። ግን ፕሮክሲውን የሚሠራውስ ማን ነው? ያው ፕሮሰሰሩ። ስለዚህ ልጁ መጀመሪያ ካሜራው በምን እንደሚቀዳ ይንገረን። አንዳችንም አልጠየቅነውም።

ታዛቢ፦ የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ላይ የታየውን የመረጋጋት ችግርስ ለምን ዝም አላችሁ? በ2024 ማስተካከያ ወጥቶለታል። ከገዛ ባዮሱን ሳያድስ ሥራ አይጀምር።

ባለ 16 ኮር፦ አያችሁ? የኔ ይህ ሁሉ የለበትም። ትልቅ ማቀዝቀዣ፣ ቀስ ብሎ የሚዞር ፋን፣ በቃ። የሚጮኸው ፋኑ ነው።

ባለ ማይክ፦ ኧረ በእናትህ! 65 ዋት ላይ ያወረድከው ፋኑን ነው?