«ተፈጥሮ ነው፣ ትንሽ ትልቅ ሳይባል ጠጡ»? በቤት ኢነርጂ ላይ የተነሣ ክርክር

የሳሪስ ልጅ
ዛሬ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ስሰማ ደሜ ፈላ። እንግዳው ስለ ኢነርጂ ድሪንክ ነበር የሚያወራው። በቆርቆሮ የሚመጣው ለልጆች መሸጥ የለበትም አለ። እዚህ ላይ እስማማለሁ። ከዚያ የራሱን «የቤት ኢነርጂ» አሠራር ሰጠ፦ በሶ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ዝንጅብል፣ ሎሚ፣ በላዩ አንድ ሲኒ ወፍራም ቡና። መጨረሻ ላይ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ይሄ ተፈጥሮ ነው፣ ጉዳት የለውም፣ ትንሽ ትልቅ ሳይባል እንደፈለጋችሁ ጠጡ»። ጋዜጠኛውም አመስግኖ ሸኘው። አንድ ጥያቄ እንኳ አላነሣም። እናቴ ስኳር አለባት። እሷም ያንኑ ሬዲዮ ነው የምትሰማው። እንዲህ ያለ ነገር በአየር ላይ ይለቀቃል?

የጃንሜዳው
ሰውየው ምን አጠፋ? ስንት አትሌት በሶ ጠጥቶ ነው ያደገው። እነ ደራርቱ፣ እነ ቀነኒሳ፣ እነ ጥሩነሽ የወጡባት በቆጂ የገብስ አገር ናት። እኔ ራሴ ልምምድ ስወጣ በኮዳ በጥብጬ እይዛለሁ። ቆርቆሮ ጠጥቶ እንጦጦን ሽቅብ የሚሮጥ ሰው አላየሁም። የራሳችን የሆነ ነገር በተነሣ ቁጥር ተነሥቶ የሚያጣጥል ሰው አይጠፋም።

ነርስ ከሐዋሳ
የጃንሜዳው ወንድሜ፣ በሶን ማንም አላጣጣለም። የተነሣው ጥያቄ «ትንሽ ትልቅ ሳይባል» የሚለው ነው። እስቲ እንቁጠረው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ውስጥ 17 ግራም ገደማ ስኳር አለ። ሦስቱ 50 ግራም ይጠጋሉ። ያ ሁሉ ውግዘት የሚወርድበት ኢነርጂ ድሪንክ፣ ለምሳሌ ባለ 250 ሚሊ ሊትር የሬድ ቡል ቆርቆሮ ውስጥ ያለው 27 ግራም ነው። በስኳር በኩል የሬዲዮው አሠራር ቆርቆሮውን እጥፍ ሊያክል ነው። ይህንን ነው ስኳር ላለባት እናት «እንደፈለግሽ ጠጪ» የተባለው።

የጃንሜዳው
ማርን ከፋብሪካ ስኳር እኩል ታደርጊያለሽ? ማር እኮ መድኃኒት ነው።

ነርስ ከሐዋሳ
እኩል ያደረግሁት እኔ አይደለሁም። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን መቀነስ አለበት ከሚለው ስኳር ውስጥ ማርንም ይቆጥራል። ቢቻል በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይላል። ማር ጣፋጭም ጠቃሚም ነው፣ ደም ውስጥ ሲገባ ግን ስኳር ነው። 20 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ ሰው ይህ ችግር የለውም፣ ያቃጥለዋል። ቢሮ ተቀምጦ ለሚውል ሰው ሌላ ነገር ነው።

የደብረ ማርቆሷ
መጀመሪያ ነገር በሶ ውስጥ ሦስት ማንኪያ ማር የሚጨምር ሰው በሶ አያውቅም። ገብሱ በወጉ ከታመሰ፣ ከተፈተገ፣ ከተበጠረና ተቆልቶ ከተፈጨ የራሱ ጣፋጭነት አለው። ለጨው ቆንጠር፣ ለማር አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። አሁን ከተማ ውስጥ በላስቲክ እየታሸገ የሚሸጠው ግማሹ በደንብ ያልተቆላ ነው። ውሃ ሲነካው ይጓጉላል፣ ጥሬ ጥሬ ይሸታል፣ ሆድ ይነፋል። ሰው ያንን ጣዕም ለመሸፈን ነው ማር የሚያፈስበት።

ሰላሌ
ጉልበት ካላችሁ ጭኮን የሚያክል የለም። በንጥር ቅቤ የታሸ በሶ ጠዋት አንድ እፍኝ የበላ ሰው እስከ ማታ አይርበውም። መንገደኛ የሚይዘው ስንቅ እሱ ነበር።

የደብረ ማርቆሷ
በጾም ጭኮ ይበላል እንዴ? ሁዳዴን በሙሉ የሚያቆመን በሶ፣ ተልባና ሱፍ ነው። ደግሞም ስለሚጠጣ ነገር ነው የምናወራው።

ሰላሌ
ጾም የማይጾምም አገር ውስጥ አለ እህቴ። ስለ ጉልበት ከተነሣ ጭኮ ይቀድማል። እዚህ ላይ አልለቅም።

ተመራቂ
ይቅርታ፣ ሁላችሁም የረሳችሁት ነገር አለ። እኛ ተማሪዎች ቆርቆሮውን የምንጠጣው ርቦን አይደለም። ነገ ፈተና አለ፣ ያልተነበበ ሞጁል ተቆልሏል፣ መንቃት አለብን። በሶ ጠጥቼ ላይብረሪ ገብቼ አውቃለሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ነው የተኛሁት። በሶ ያጠግባል፣ ቆርቆሮው ያነቃል። ሁለት የተለያየ ነገር ነው። «ቆርቆሮውን ተዉና በሶ ጠጡ» ማለት ለእኛ መልስ አይደለም።

የሳሪስ ልጅ
ሰውየው ቡና የጨመረበት ለዚህ ነው። የሚያነቃው ቡናው ነው። ስሙን ግን በሶው ወሰደው። «ተፈጥሮ ነው» ተባለና ቡናው ተረሳ።

የጃንሜዳው
ቡናስ ተፈጥሮ አይደለም? የት አገር ነው የተገኘው?

ነርስ ከሐዋሳ
ነው። ነገር ግን የሚያነቃው ነገር፣ ካፌይን፣ ከጀበና ወጣ ከቆርቆሮ ሰውነት ውስጥ ሥራው አንድ ነው። ድካም እንዲሰማን የሚያደርገውን መልእክት ጭንቅላት ውስጥ ይጋርደዋል እንጂ ድካሙን አያጠፋም። ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም፣ ለነፍሰ ጡር እስከ 200 ድረስ ችግር የለውም ይባላል። ባለ 250ው ቆርቆሮ 80 ሚሊ ግራም አለው። በአገራችን ቡና ስንት እንዳለ እንደ አቆላሉና እንደ ውፍረቱ ይለያያል። ሦስቱንም አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ በላዩ ይህንን የሚጠጣ ሰው ልቡ ቢመታበት ሊገርመው አይገባም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በፈረንጆቹ 2011 ኢነርጂ ድሪንክ ለሕፃናትና ለወጣቶች ቦታ የለውም ብሏል። «ትንሽ ትልቅ ሳይባል» ያለው ሰውዬ ለስምንት ዓመት ልጅ ወፍራም ቡና አዘዘ ማለት ነው። በእኛ ቤት ለልጅ ቡና አይሰጥም። በእናንተ ይሰጣል?

የጃንሜዳው
«ትንሽ ትልቅ ሳይባል» የሚለውን ይዛችሁ ሙጭጭ አላችሁ። የንግግር ለዛ ነው እኮ! ለሕፃን ስጡ ማለቱ አይደለም። ሰው ሲናገር ሁሉን በሚዛን አይናገርም።

የሜሪላንዷ
ወንድሜ፣ ሰው ግን የሰማውን ያደርጋል። እኔ እዚህ አሜሪካ የሰባት ወር ልጅ አለችኝ። አንዲት ዘመዴ በፍቅር ነው የመከረችኝ፦ «ቀጠን ያለ በሶ በማር አድርገሽ ስጫት፣ ትጠነክራለች» አለችኝ። ሐኪሟን ስጠይቅ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በፍጹም አይሰጥም አለችኝ። ለአዋቂ ምንም የማይለው ማር በሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ የሚያመነጭ ተሕዋስ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ «ትንሽ ትልቅ ሳይባል» የሚለው ለእኔ ለዛ አይደለም። ዘመዴ ይህንን ሬዲዮ ብትሰማ ልክ ነበርኩ ነው የምትለው።

ነርስ ከሐዋሳ
አመሰግናለሁ እህቴ። ይህንን መጻፍ ረስቼው ነበር፣ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው።

ጋሽ ሹፌር
ልጆች፣ እኔ በጋላፊ መስመር ከባድ መኪና ስነዳ ነው የኖርኩት። ስለ መንቃት ከተነሣ እኔም ልናገር። ጫት የሚቅም አይቻለሁ። ቡና ቴርሞስ ሙሉ የሚይዝ አይቻለሁ። አሁን ደግሞ ወጣቶቹ ቆርቆሮውን ደርድረው ነው የሚነዱት። ሚሌን አልፈህ ሙቀቱ ሲይዝህ ሁሉም ያው ነው። ዓይንህ ተከፍቶ አእምሮህ ይተኛል። መሪውን ይዘህ መንገዱን አታየውም። ጉድጓድ ውስጥ የገባ ጓደኛ አለኝ፣ ከጎኑ ቆርቆሮው ነበረ። መኪና አቁመህ ግማሽ ሰዓት ጋደም ማለትን የሚተካ መጠጥ የለም። በሶውን እወደዋለሁ፣ ግን እሱም ይህንን አይተካም።

ተመራቂ
ጋሼ እውነትዎን ነው። ግን ፈተናው ነገ ሆኖ ማን ይተኛል?

ጋሽ ሹፌር
ልጄ፣ አሠሪዬም «ጭነቱ ነገ ይደርሳል» ይለኝ ነበር። የምነግርህ አይቼው ነው። ሳትተኛ ያነበብከው ጠዋት ወረቀቱ ላይ አይመጣልህም።

ከዱባይ
እዚህ ኤምሬትስ በፈረንጆቹ ከ2017 ጀምሮ ኢነርጂ ድሪንክ ላይ 100 ፐርሰንት ኤክሳይስ ታክስ አለ። ዋጋው እጥፍ ሆነ። ፖላንድ ደግሞ ከ2024 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ መሸጥ ከልክላለች። ሊቱዌኒያ ከ2014 ጀምራ ነው የከለከለችው። የሬዲዮው እንግዳ ለልጅ አይሸጥ ያለው ይደገፋል። አገራችንም ይህንን ማድረግ አለባት። ከቤት መጠጡ ጋር ባይቀላቅለው ነበር ጥሩው።

ባለሱቅ
እኔ ትምህርት ቤት አጠገብ ሱቅ አለኝ። እውነቱን ልናገር? ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ቆርቆሮውን ይገዛሉ። እኔ አልሸጥም ብል ማዶ ያለው ይሸጣል። ሕግ ይውጣና ለሁላችንም እኩል ይሁን፣ ያን ጊዜ የመጀመሪያው አክባሪ እኔ ነኝ። በሶ በጥብጣችሁ ሽጡ የምትሉን ደግሞ ውሃው ከየት ነው? ውሃ በየጊዜው ይጠፋል። በጄሪካን የተቀዳ ውሃ የተበጠበጠ በሶ ለሰው ልጅ ሸጬ ቢታመም ማን ሊጠየቅ ነው? ቆርቆሮው ቢያንስ የታሸገ ነው።

የደብረ ማርቆሷ
ይሄ እውነት ነው። በሶ ጠዋት ተበጥብጦ በሙቀት ከዋለ ይኮመጥጣል። ዱቄቱን ለብቻ፣ ውሃውን ለብቻ ይዞ ሊጠጡ ሲሉ መበጥበጥ ነው። ውሃውም ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን።

የሳሪስ ልጅ
አንድ ሰው ለእናቴ አብሽ በውሃ ይሻላታል አለኝ። ስኳር ይቀንሳል ብሎ። እውነት ነው?

ነርስ ከሐዋሳ
አብሽ የደም ስኳርን ይቀንሳል፣ ትክክል ነው። ችግሩም እዚያው ነው። እናትህ የስኳር መድኃኒት እየወሰዱ በላዩ አብሽ በብዛት ከጠጡ ስኳራቸው ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ያልባቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ሊወድቁም ይችላሉ። ሐኪማቸው ይወቅ። ነፍሰ ጡርም አብሽ አታብዛ።

የጃንሜዳው
በሶ አይሆንም፣ ማር አይሆንም፣ አብሽ አይሆንም። እንግዲህ ውሃ ብቻ ጠጥተን እንኑር?

ነርስ ከሐዋሳ
አይሆንም ያልኩትን ጥቀስልኝ። መጠን ይኑረው ነው ያልኩት። ቤት ውስጥ ከሚሠሩት ሁሉ ሰው ያዳነው መጠጥ የትኛው እንደሆነ ልንገርህ? ተቅማጥ ለያዘው ልጅ የሚሠራው። አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ስድስት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። በቃ። ጨው ከበዛ ልጁን ይጎዳዋል፣ ስኳር ከበዛ ተቅማጡን ያባብሰዋል። ያ መጠጥ የሚሠራው ስለተለካ ነው። ሬዲዮ ላይ የወጣው ሰውዬ ማሩን በማንኪያ ቆጥሮ መጠጡን ግን «እንደፈለጋችሁ» አለ።

የጃንሜዳው
እሺ ለእኔ ንገሪኝ። ሁለት ሰዓት ልሮጥ ነው። ምን ልጠጣ?

ነርስ ከሐዋሳ
ለአንተ ማሩ ይሆንሃል፣ ቆንጠር ጨውም ጨምርበት፣ በላብ የሚወጣው ጨው ነውና። በሶውን ቀጠን አድርገህ ሩጫው ከመጀመሩ ቀደም ብለህ ጠጣ፣ ሆድህን ሞልተህ አትሩጥ። ከአንድ ሰዓት ላነሰ ሩጫ ግን ውሃ ይበቃሃል። በፈረንጆቹ 2011 በወጣ ጥናት ላይ የኢትዮጵያ ሯጮች ከምግባቸው ከሚያገኙት ኃይል 64 በመቶ ገደማው ከካርቦሃይድሬት ነበር። እንጀራውም በሶውም እዚያ ውስጥ ነው። ምግብህ ነው የሚያሮጥህ።

የጃንሜዳው
እንግዲህ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው! በሶ ነው የሚያሮጠው!

የሳሪስ ልጅ
እሷ ለአንተ አለች። አንተ ለሁሉም አልክ። ሰውየውም ለሁሉም አለ።

ሰላሌ
ጭኮ ለሯጭ እንዴት ነው ግን? ማንም አልመለሰልኝም።

የደብረ ማርቆሷ
ቅቤ ጠጥተህ ሮጠህ ሞክረውና ንገረን።

ሰላሌ
ጭኮ አይጠጣም። በጭኮ አትምጪብኝ።

ተመራቂ
ባለሱቅ፣ አንድ ጥያቄ። ቆርቆሮውን ከአንተ የሚገዙት ልጆች ስንተኛ ክፍል ናቸው? ታናሽ ወንድሜ ስምንተኛ ነው። ባለፈው ቦርሳው ውስጥ ቆርቆሮ አገኘሁበት። እኔ ትልቅ ነኝ፣ ለራሴ እወስናለሁ። እሱ ግን ምን ፈተና አለበት?

ባለሱቅ
ሰባትም ስምንትም ናቸው። አልዋሽህም። ጓደኛው ሲጠጣ አይቶ ነው የሚገዛው።

ከዱባይ
ታዲያ አትሽጥላቸዋ! ሕግ እስኪወጣ ምን ትጠብቃለህ?

ባለሱቅ
የቤት ኪራዬን አንተ ትከፍላለህ? ወላጆች ለልጅ ብር ሰጥተው ይልካሉ፣ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ይሆናል። አንተ ዱባይ ሆነህ ስለ ታክስ ታወራለህ፣ እኔ እዚህ ከማዶው ሱቅ ጋር ነው የምወዳደረው።

ነርስ ከሐዋሳ
ወንድሜ፣ ኪራዩ ይገባኛል። ግን ለዩኒፎርም የማይሸጥ አንድ ሱቅ በሰፈሩ ቢኖር ወላጅ ያውቀዋል። ከማዶው ጋር ተነጋግረህስ ታውቃለህ?

ባለሱቅ
ተነጋግሬ አላውቅም። እሱ ይስማማል ብለሽ ነው?

ጋሽ ሹፌር
ጠይቀው። ካልተስማማ ሰፈሩን ንገረኝ፣ ስመጣ እኔ አነጋግረዋለሁ።