በማይል ለእናት ትኬት መቁረጥ፦ የሞከራችሁ ንገሩኝ

ከዴንቨር፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ነገር ላማክራችሁ። ልወልድ ጥቂት ወራት ቀርተውኛል። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እንድታርሰኝ እንፈልጋለን፤ የኤምባሲ ቀጠሮዋ ግን ገና ነው። ባለቤቴ በክሬዲት ካርዱ ያጠራቀመው ፖይንት አለ። እኔም ከድሮ ጉዞ የቀረ ትንሽ የዩናይትድ አየር መንገድ ማይል (ለበረረ ሰው የሚሰጡት ነጥብ) አለኝ። የባንኩ ድረ ገጽ ላይ ገብተን በፖይንቱ ትኬት ልንቆርጥ ስንል የጠየቀን ብዛት አስደነገጠን። ጓደኛዬ ደግሞ «ፖይንቱን ወደ አየር መንገድ አዙሩት፣ በጣም ይረክሳል» ትላለች። እውነቷን ነው? ወይስ ዝም ብለን በካሽ እንቁረጥ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

እህቴ፣ በሽልም ያውጣሽ።

ጓደኛሽ ልክ ናት፤ «በጣም ይረክሳል» የሚለው ላይ ብቻ አልስማማም። አንዳንዴ ይረክሳል፣ አንዳንዴ አይረክስም። ለእኛ ለሐበሾች የማይል ትኬት ዋናው ጥቅሙ ሌላ ይመስለኛል። ሰው ሁሉ ስለ ቢዝነስ ክላስ ያወራል፣ ክላውድ ናይን የሚባለው የኢትዮጵያ ቢዝነስ ክላስ ላይ ተቀምጦ ፎቶ ይለጥፋል። የኛ ጉዞ ግን አብዛኛውን ጊዜ እርግጠኛ ያልሆነ ጉዞ ነው። ቪዛው ይገኝ አይገኝ አይታወቅም። እናት መቼ እንደምትመለስ አይታወቅም። ለቅሶ ሳይታሰብ ይመጣል። ርካሽ የካሽ ትኬት ደግሞ እርግጠኛ ላልሆነ ሰው አልተሠራም፤ ቀን ስትቀይሪ ቅጣት፣ ስትሰርዢ ቅጣት።

ዩናይትድ በማይል የተቆረጠ ትኬት ከመነሻው ሰዓት በፊት ከተሰረዘ ማይሉንም ቀረጡንም ያለቅጣት ይመልሳል። የእናትሽ ቪዛ ባይሳካ ወይም ቢዘገይ የምታጪው ነገር የለም ማለት ነው። ሌሎቹ ሁሉ እንደዚህ አይደሉም፤ ኤሮፕላን የሚባለው የኤር ካናዳ የማይል ፕሮግራምም፣ ላይፍማይልስ የሚባለው የኮሎምቢያው አየር መንገድ የአቪያንካ ፕሮግራምም ሲሰረዝ ያስከፍላሉ። ሌላው ጥቅም የአንድ መንገድ ትኬት ነው። በካሽ መሄጃ ብቻ ስትገዢ ዋጋው ብዙ ጊዜ ከደርሶ መልሱ ግማሽ እጅግ ይበልጣል። በማይል ግን እያንዳንዱ መንገድ ለብቻው ይቆረጣል። መምጫቸውን አሁን ቆርጠሽ መመለሻቸውን ክርስትናው ካለፈ በኋላ ታስቢበታለሽ።

አሁን ወደ ባንኩ ልምጣ። እናንተ ያያችሁት ባንኩ ራሱ እንደ ትኬት ቢሮ ሆኖ የካሽ ትኬት ሲሸጥ ነው። እዚያ አንድ ፖይንት በአብዛኛው አንድ ሳንቲም ገደማ ነው የሚታሰበው። የ1,400 ዶላር ትኬት 140,000 ፖይንት ይጠይቃል፤ ያስደነገጣችሁም ይሄ ይሆናል። ሌላው መንገድ ፖይንቱን ወደ አየር መንገዱ የማይል አካውንት ማዛወር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ለአንድ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከታኅሣሥ 2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስታር አላያንስ አባል ነው፤ ይህ አንዱ የሌላውን ማይል የሚቀበል የአየር መንገዶች ማኅበር ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ ለመብረር የግድ የራሱ የማይል ፕሮግራም ሼባማይልስ አያስፈልግም። በዩናይትድ ማይል፣ በኤሮፕላን ፖይንት፣ በላይፍማይልስም የኢትዮጵያን መቀመጫ መቁረጥ ይቻላል። የባለቤትሽ ካርድ የቼዝ ባንክ ከሆነ ወደ ዩናይትድና ወደ ኤሮፕላን ይሄዳል። አሜሪካን ኤክስፕረስ ወይም ካፒታል ዋን ከሆነ ወደ ኤሮፕላንና ወደ ላይፍማይልስ እንጂ ወደ ዩናይትድ አይሄድም። ከሦስቱም በቀጥታ ወደ ሼባማይልስ መንገድ የለም። ደግሞ ከሁሉም ቼዝ ካርድ አይዛወርም፤ ካሽ ባክ (ገንዘብ ተመላሽ) ብቻ የሚሉት፣ ፖይንት የሚያዛውር ሌላ የቼዝ ካርድ አብሯቸው ከሌለ፣ አይሠሩም።

አንድ ነገር በትልቁ ጻፊው። መጀመሪያ መቀመጫውን አግኚ፣ ከዚያ ፖይንቱን አዛውሪ። አንዴ ከባንክ የወጣ ፖይንት ወደ ባንክ አይመለስም። ሰው ተቻኩሎ ሁሉንም ያዛውርና መቀመጫ ሲፈልግ ያጣል። አካውንት መክፈት ነፃ ነው፤ ዩናይትድም ኤሮፕላንም ላይ ክፈቱና በሁለቱም ፈልጉ። አንዱ ላይ ብቻ የሚታይ መቀመጫ ልትቆርጪው ስትይ «የለም» ሊል ይችላል። ሁለቱም ካሳዩት ግን ብዙ ጊዜ አለ ማለት ነው።

መቀመጫው ለምን እንደሚጠፋ ላስረዳሽ። አየር መንገድ ለሌሎች አየር መንገዶች ማይል የሚለቀው በካሽ አልሸጠውም ብሎ የገመተውን መቀመጫ ነው። ሐበሻ ሁሉ በሚሄድበት ሰሞን፣ ከገና እስከ ጥምቀት፣ ከዚያም እዚህ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ምን ሲል ይለቃል? በተቃራኒው መስከረምና ጥቅምት፣ የካቲት አካባቢ ይሻላል። የበረራው ፕሮግራም ለሽያጭ የሚከፈተው ከጉዞው 11 ወር ገደማ በፊት ነው፤ ያኔ የተወሰነ ይለቀቃል። ከዚያ ጉዞው ሲቃረብ ያልተሸጠው ብቅ ይላል። እናትሽ ብቻቸውን ስለሚመጡ እድለኛ ነሽ። ለአንድ ሰው መቀመጫ ማግኘት ለአምስት ሰው ቤተሰብ ከመፈለግ ጋር አይወዳደርም።

ዋጋ ይረክስ እንደሆነ ለማወቅ ሒሳቡ ቀላል ነው። ከካሹ ዋጋ ላይ በማይል ስትቆርጪ የምትከፍዪውን ቀረጥ ቀንሺ፣ ቀሪውን ለማይሉ ብዛት አካፍዪ። ለምሳሌ ትኬቱ 1,400 ዶላር፣ ቀረጡ 60 ዶላር፣ የሚጠየቀው 67,000 ማይል ቢሆን አንዱ ማይል ሁለት ሳንቲም አወጣ። ጥሩ ነው። ከአንድ ሳንቲም በታች ከወረደ በካሽ ቁረጪ፤ ማይሉን ለሌላ ቀን አስቀምጪ። ለረጅም ጊዜ ግን አታስቀምጪ። ማይል እንደ ወርቅ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ዩናይትድ በ2019 የማይል ዋጋ ሰንጠረዡን ከራሱ በረራዎች ላይ ካነሳ ወዲህ ዋጋው እንደ ገበያው ነው የሚወጣው፣ የሚወርደው። በነገራችን ላይ የዩናይትድ ማይል ጊዜው አያልፍም፤ የድሮው ማይልሽ አለ።

የእናትሽን መንገድ በተመለከተ አንድ አስተያየት አለኝ። ኮምፒውተሩ በማይል ርካሽ ብሎ በፍራንክፈርት ወይም በብራስልስ በኩል ሊያሳይሽ ይችላል። በእኔ እምነት በኢትዮጵያ አየር መንገድ ዋሽንግተን (ደለስ አየር ማረፊያ) ወይም ቺካጎ ድረስ፣ ከዚያ በዩናይትድ ዴንቨር፣ ያውም በአንድ ትኬት ይምጡ። ቋንቋው አለ፣ ምግቡ አለ፣ አጠገባቸው የሚቀመጠውም ሐበሻ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሼንገን አገሮች አየር ማረፊያ ለማለፍ ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። የአሜሪካ ቪዛ ያለው ሰው ከዚህ ነፃ ነው፤ ግን ይህን ነገር ቦሌ ባንኮኒ ላይ ማስረዳት ያለባቸው እሳቸው እንዲሆኑ አልፈልግም።

በአንድ ትኬት ያልኩሽ በሻንጣ ምክንያት ነው። ትኬቱ አንድ ከሆነ ሁለቱ ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ እስከ ዴንቨር ይዘልቃል። የአገር ውስጡን ለብቻ ከገዛሽው ለሻንጣው እንደገና ትከፍያለሽ። በርበሬው፣ ሽሮው፣ የገንፎው ዱቄት እንዳለ አስቢ። መጀመሪያ ያረፉበት የአሜሪካ ከተማ ላይ ሻንጣቸውን አንስተው በጉምሩክ አልፈው እንደገና ማስረከብ እንዳለባቸው ቀድመሽ ንገሪያቸው። ዊልቸር አስጠይቂላቸው፤ መራመድ ቢችሉም ሰው ይመራቸዋል፣ በማይል የመጣም ሰው መብቱ ነው።

አንድ ደግሞ ልጨምር። ቦሌ ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ ለመነሳት ይከብደዋል። ወደዚህ ሲመጣ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ያርፋል። «ደረስኩ» ብለው ቦርሳቸውን አንስተው የቆሙ እናቶች አይቻለሁ።

ከባለቤትሽ አካውንት ለእናትሽ መቁረጥ ትችላላችሁ፤ ተሳፋሪው የግድ ባለአካውንቱ መሆን የለበትም። ካርዱን በየወሩ ሙሉ በሙሉ የማይከፍል ሰው ግን ማይልን ይርሳው። በ20 ከመቶና ከዚያ በላይ ወለድ የተገኘ ማይል ነፃ አይደለም።

ከፍራንክፈርት፦

ወንድማችን ጥሩ አድርጎ አስረድቷል። አውሮፓ ላላችሁ ግን ነገሩ ትንሽ ይለያል። እዚህ ብዙዎቻችን የሉፍታንዛው የማይል ፕሮግራም ማይልስ ኤንድ ሞር ነው ያለን። በሉፍታንዛ ማይል ስትቆርጡ ከማይሉ ሌላ አየር መንገዱ ራሱ የሚጨምረው ክፍያ አለ። ቀረጥ ይመስላል እንጂ ቀረጥ አይደለም። አንዳንዴ ያ ክፍያ ብቻውን ቅናሽ ላይ ያለ የካሽ ትኬት ግማሽ ያህል ይሆናል፤ ያን ጊዜ የተባለውን ሒሳብ ሥሩና ተዉት። ዩናይትድ፣ ኤሮፕላንና ላይፍማይልስ ይህን ክፍያ አያስከፍሉም። ኤሮፕላን በሌላ አየር መንገድ ስትቆርጡ 39 የካናዳ ዶላር ብቻ ይጨምራል።

የማይልስ ኤንድ ሞር ማይል ደግሞ ከፍ ያለ ደረጃ ወይም የእነሱን ካርድ ለሌለው ሰው በ36 ወር ይቃጠላል። ስቶክሆልም ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ፤ የስካንዲኔቪያው አየር መንገድ ኤስኤኤስ በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ከስታር አላያንስ ወጥቶ ስካይቲም የሚባለው ሌላ ማኅበር ገብቷል። የኤስኤኤስ የዩሮቦነስ ፖይንታችሁ እንደ ድሮው በኢትዮጵያ ላይ አይሠራም።

ከዱባይ፦

እኔ ክሬዲት ካርድ የለኝም፤ እዚህ ያለነው አብዛኞቻችን እንደዛ ነን። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ትኬቱን አሠሪሽ ቢከፍለውም ማይሉ የሚመዘገበው ለበረረው ሰው ነው። ብዙ እህቶች ይህን ስለማያውቁ በየሁለት ዓመቱ አገር ገብተው ሲመለሱ ምንም አይመዘገብላቸውም። የትኬቱ ዓይነት በጣም ርካሽ ወይም የግሩፕ ከሆነ ትንሽ ወይም ምንም ላይሰጥ ይችላል፤ ቢሆንም መመዝገቡ ወጪ የለውም። በኤምሬትስም በፍላይዱባይም የምንበረው በአንድ የስካይዋርድስ (የኤምሬትስ የማይል ፕሮግራም) ቁጥር ነው።

የኛ ጣጣ ስም ነው። አካውንቱ ላይ ስምና የአባት ስም፣ ፓስፖርቱ ላይ ደግሞ እስከ አያት። ወይም «ወልደ» እና «ገብረ» አንድ ቦታ ተነጥሎ፣ ሌላ ቦታ ተገጥሞ ይጻፋል። ስሙ ካልገጠመ ማይሉ አይገባም። አካውንት ስትከፍቱ ፓስፖርቱን ፊት ለፊት አስቀምጡና ፊደል በፊደል ገልብጡ። ሳይገባ ከቀረ የመሳፈሪያ ወረቀቱን አትጣሉ፤ ወራት ሳያልፉ በትኬት ቁጥሩ መጠየቅ ይቻላል።

ከአትላንታ፦

ስለ ለቅሶ የተባለውን ላጠናክር። በነገው በረራ ልሂድ ስትሉ የካሽ ዋጋው ሰማይ ነው። የማይል መቀመጫ ደግሞ ብዙ ጊዜ በመጨረሻዎቹ ቀናት ይለቀቃል። እኛ ቤት ፖይንቱን ሳናዛውር ባንክ ውስጥ የምናቆየው ለዚያ ነው። ሲያስፈልግ የተገኘበት አየር መንገድ ይሄዳል፤ ወደ ኤሮፕላን ወዲያው ነው የሚገባው።

ሌላው፣ በቴሌግራምና በፌስቡክ «ቢዝነስ ክላስ በግማሽ ዋጋ» የሚሉ ሰዎች አሉ። ብዙዎቹ የሌላ ሰው ማይል ገዝተው ነው የሚቆርጡት። አየር መንገዶች የማይል ሽያጭ ይከለክላሉ። ከተደረሰበት ትኬቱ ይሰረዛል፤ ያውም መመለሻው ላይ፣ አዲስ አበባ እያላችሁ ሊሆን ይችላል። ገንዘቡን የተቀበለው ልጅ ስልክ አያነሳም። የማውቃቸው ሰዎች ላይ ደርሷል።

ከዴንቨር፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። የባለቤቴ ካርድ የቼዝ ነው፤ ሁለቱም ጋ እየፈለግን ነው። ሁለት ጥያቄ ልጨምር። ከቆረጥን በኋላ ችግር ቢፈጠር የምንደውለው ለማን ነው፣ ለዩናይትድ ወይስ ለኢትዮጵያ? በመመለሻዋ እኔም ሕፃኑን ይዤ አብሬያት ልሄድ አስቤያለሁ፤ ጭን ላይ ለሚቀመጥ ልጅ ይከፈላል?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

የትኬት ቁጥሩን የመጀመሪያ ሦስት አሃዝ እዪ። 016 ከሆነ የዩናይትድ፣ 014 የኤር ካናዳ፣ 071 የኢትዮጵያ ነው። ቀን መቀየርና መሰረዝ ሁልጊዜ ትኬቱን ያወጣው ጋ ነው። ቦሌ ያለው ቢሮ የዩናይትድን ትኬት ልንካው ቢል አይችልም፤ ሠራተኛው ላይ አትቆጡ። መቀመጫ መምረጥ፣ ዊልቸርና ምግብ ግን በሚያበርረው በኩል ነው፤ ለዚያ የኢትዮጵያን የራሱን የቡኪንግ ኮድ ከዩናይትድ ጠይቂ፣ ሁለቱ ኮዶች ይለያያሉ። የበረራ ሰዓት ከተቀየረ ሁለቱም ጋ መስተካከሉን አረጋግጪ።

ለሕፃኑ፣ ብዙ ቦታ ከሙሉ የካሽ ዋጋው አሥር ከመቶ ይጠየቃል። በማይል ቆርጠሽም ያንን በካሽ ትከፍያለሽ፤ ቢዝነስ ላይ ከሆነ ይጎዳል። ኤሮፕላን ግን ጭን ላይ ላለ ልጅ 25 የካናዳ ዶላር ወይም 2,500 ፖይንት ብቻ ነው የሚወስደው። ስለዚህ የእናትሽን መምጫ በዩናይትድ፣ ያንቺንና የሕፃኑን መሄጃ በኤሮፕላን ብታደርጉት ይሻላችኋል። ከቼዝ ወደ ሁለቱም ስለሚሄድ ፖይንቱን አሁን አትንኩት። የሕፃኑን ፓስፖርት ግን እንደተወለደ አመልክቱ፤ ቁጥሩን ሳይዙ ቪዛውም አይጀመርም።