የወለቃው የሸክላ አንበሳ፦ ልጄን ሳላስጨንቅ እንዴት ላስተምርበት?

ጠያቂ፦ የአምስት ዓመት ልጅ እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ባለፈው ወር ከጎንደር ወደ አሜሪካ ስትመጣ ለልጄ ከወለቃ መንደር የገዛችላትን የሸክላ አንበሳ ይዛላት መጣች። መዳፍ ቢያክል ነው። ጥቁር፣ ልስልስ ያለ። ሆዱ ላይ የሠሪዋ ጣት ያረፈበት ምልክት አለ። ጅራቱ ሻንጣ ውስጥ ተሰብሮ ነው የደረሰው። እኔ አዘንኩ፤ ልጄ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ አቅፋው ነው የምትተኛው።

አማርኛ ላስተምርበት ብዬ "ይሄ ምንድን ነው? ቀለሙስ? ስንት እግር አለው?" እያልኩ ወጠርኳት። ሁለት ቀን መለሰችልኝ፣ ያውም በእንግሊዝኛ። በሦስተኛው ቀን ገና አፌን ስከፍት አንበሳውን ከጀርባዋ ደበቀችው። ሆዴን ባር ባር አለው። ለካ የምትወደውን ነገር ፈተና አድርጌባታለሁ።

የፕላስቲክ አንበሳም አላት። እሱን ግን እንዲህ ትክ ብላ አይታው አታውቅም። በእጅ የተሠራው የያዘው ነገር አለ። ሳላስጨንቃት እንዴት ላግዛት?

መልስ 1፦ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፣ አዲስ አበባ

እህቴ፣ ጥያቄውን ለጊዜው ተይውና አጠገቧ ቁጭ በይ። እኔ ክፍል ውስጥ ዕቃውን መሃል አስቀምጬ ትንሽ ዝም እላለሁ። ከዚያ ያየሁትን እናገራለሁ። "ጎፈሩ ላይ ጭረት ጭረት አየሁ" እላለሁ፣ በቃ። ልጆቹ ወዲያው "እኔ ደግሞ፣ እኔ ደግሞ" ይላሉ።

መልሱን እያወቅሽ ስትጠይቂያቸው ልጆች ይነቁብሻል። ስለዚህ የምር የማታውቂውን ጠይቂ። "ሴትዮዋ ይሄን ጭረት በምን የሠራችው ይመስልሻል?" በያት። በእንግሊዝኛ ብትመልስ አታርሚያት። "አዎ፣ ጎፈሩ ነው" ብለሽ በአማርኛ ቀጥይ። ጎፈር፣ ጥፍር፣ ጅራት፣ ሁሉም በዚያው ይገባል።

ዓይኗን ጨፍና በእጇ ትዳብሰው። ቀጥሎ ሊጥ ስጪያትና የራሷን ትሥራ። ልጅ ልትሠራው ስትል ነው አንድን ነገር በደንብ የምታየው።

መልስ 2፦ የጎንደር ልጅ

ወለቃን ስላነሳሽ ደስ አለኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። የቤተ እስራኤል መንደር ነበር። አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት የማጓጓዝ ዘመቻዎች፣ ከዚያም በኋላ ወደ እስራኤል ሄደዋል። የሸክላ ሙያው ግን እዚያው ቀጠለ። ይሄንንም አንድ ቀን ንገሪያት።

አክስቴ ሸክላ ሠሪ ስለነበረች አንድ ነገር ልጨምር። የአንበሳው እግር አጭርና ወፍራም ነው አይደል? ቀጭን እግር ሲደርቅም ሲተኮስም ቶሎ ይሰበራል። ሰውነቱ ደግሞ ድፍን ሆኖ ከወፈረ፣ ውስጡ የቀረው እርጥበት እሳት ላይ ሲሞቅ ያፈነዳዋል። አክስቴ ጭቃውን ስትመታ የምትሰማው ድምፅ ነበር፤ ልክ ሲሆን "በቃው" ትላለች። እኔ ድምፁን ለመለየት ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ጅራቱን አሁን እንዳታጣብቂው! ስብራቱን አሳያት። ውጩ ጥቁር ሆኖ ውስጡ ሌላ ቀለም ሊሆን ይችላል። ደቃቅ ጠጠር የመሰለ ነገር ካያችሁ የተወቀጠ ገል ሊሆን ይችላል። የተሰበረ የአሮጌ ሸክላ ስባሪ ተወቅጦ ጭቃው እንዳይሰነጠቅ ይገባበታል። አሮጌ ማሰሮ አንበሳ ሆነ ማለት ነው። ልጅ ይሄን ሲሰማ ዓይኑን ታዪዋለሽ።

መልስ 3፦ የሁለት ልጆች አባት፣ አሌክሳንድሪያ

እኛ ቤት ከእንጨት የተቀረጸ ዋልያ አለ። ትልቁ ልጄ ቀንዱ ላይ ያሉትን ጉጦች በጣቱ ሲቆጥር አገኘሁትና የእውነተኛ ዋልያ ፎቶ አሳየሁት። "ቀራጩ ጢሙን ረስቶታል" አለኝ። እኔ ዕቃውን ስንት ዓመት ሳየው አላስተዋልኩም ነበር። ከዚያ ሴቷ ዋልያም ቀንድ እንዳላት፣ ግን አጠር ያለ እንደሆነ፣ ከሰሜን ተራሮች በቀር የትም እንደማይገኝ አወራን።

ዋሽንግተን ያለው የስሚዝሶኒያን የእንስሳት ፓርክ መግቢያው በነፃ ነው። አንበሳ አለ። ሸክላውን በፎጣ ጠቅልላችሁ ይዛችሁት ሂዱ።

ጠያቂ፦ የአምስት ዓመት ልጅ እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እግዚአብሔር ያክብራችሁ። ትናንት ማታ ወለሉ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩና "ሆዱ ላይ የጣት ምልክት አየሁ" ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ማለቱ ከበደኝ፣ አልዋሽም። ቆይታ አንበሳውን ገለበጠችውና የራሷን ጣት ምልክቱ ውስጥ ከተተች። "የኔ ትንሽ ናት" አለች። በአማርኛ!

ከዚያ ስብራቱን አየነው። ውስጡ ቡናማ ነው። "ቸኮሌት" አለች፤ ሳላርማት "አዎ፣ ቡናማ ነው" ብዬ ቀጠልኩ።

ዛሬ ጠዋት የድፎ ዳቦ ሊጥ ሳቦካ ቆንጥሬ ሰጠኋት። የመጀመሪያው አንበሳዋ እግሩ ቀጭን ስለነበር ተንበረከከ። እኔ ምንም አላልኩም። የወለቃውን አንስታ እግሮቹን አንድ በአንድ ነካቻቸው። ከዚያ የራሷን አሳጠረችና አወፈረች። ቆመላት።

ቅዳሜ ወደ ፓርኩ እንሄዳለን። አንበሳውን የምትጠቀልልበትን የእናቴን አሮጌ ነጠላ ከአሁኑ መርጣለች።