ክሌማቲሴ ከጫፉ እየደረቀ ነው፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች። ያለሁት ሐረር ነው፣ ጀጎል ውስጥ። አክስቴ ከአዲስ አበባ ያመጣችልኝ፣ ትልልቅ ወይን ጠጅ አበባ የሚያወጣ ክሌማቲስ አለኝ፤ የእኛው የአዞ ሐረግ ዘመድ ነው። ሦስት ዓመት ግቢያችንን ሲያሳምር ቆይቶ ባለፈው ሳምንት አንዱ ቅርንጫፍ ባንድ ሌሊት ጠወለገ። ውሃ የጠማው መስሎኝ ማታ ማታ አጠጣሁት፣ አላገገመም፤ ጭራሽ ሌላ ሁለት ተጨመረ። ቅጠሎቹ ሳይረግፉ እንደተንጠለጠሉ ጠቆሩ። አንዱን ቆርጬ ስሰነጥቀው ውስጡም ጥቁር ነው፣ ወደ ታች ግን ገና አረንጓዴ።

ትልልቅ አበባ ያላቸውን የሚያጠቃ ፈንገስ እንዳለ አውቃለሁ። ግን ውሃ አብዝቼበት ሥሩ በስብሶ ይሆን? ወይስ ከድንጋይ ግንቡ የሚመለሰው ሙቀት ነው? ሥሩ ቢሆን ሁሉም ቅርንጫፍ አብሮ አይደክምም ነበር?

ጤነኛው እስኪገኝ ብቻ ልቁረጠው ወይስ እስከ መሬት ድረስ? ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል ይባላል፣ ግን በጣም ስለምወደው እጄ አልታዘዝ አለኝ። መቀሱን በአልኮል እየጠረግኩ ነው የምቆርጠው፣ የታመመውንም አቃጥለዋለሁ። የደረሰበት ሰው ካለ እባካችሁ ቶሎ ንገሩኝ፣ የቀሩት ሁለት ቅርንጫፎች ብቻ ናቸው።