የገና ቁልቋሌ እምቡጥ ያወጣል፣ ግን ሳይፈነዳ ይረግፋል

የምኖረው ሱሉልታ ነው። ከ3 ዓመት በፊት አክስቴ ቢሾፍቱ ካለው ተክሏ ቆርጣ የሰጠችኝ የገና ቁልቋል አለኝ። እሾህ የለውም፤ ጠፍጣፋ ግንዱ እየተቀጣጠለ ወደ ታች ይንጠለጠላል። የእሷ በየዓመቱ በሮዝ አበባ ይሸፈናል። የእኔ ኅዳር ላይ 20 ያህል እምቡጥ ያወጣል፤ ከዚያ አንድም ሳይፈነዳ በ10 ቀን ውስጥ ይረግፋል። ጠዋት መሬት ላይ ሳያቸው ልቤ ስብር ይላል።

አፈሩ ግማሹ ኮምፖስት፣ ግማሹ አሸዋ ነው። ዕቃው ከታች ቀዳዳ አለው። ውሃ የማጠጣው ላዩ ሲደርቅ ብቻ ነው፤ በሳምንት አንዴ ገደማ። ዘሩ ከብራዚል ተራራማ ደን ነው፣ ዛፍ ላይ ተጣብቆ ነው የሚያድገው፤ ስለዚህ ቀጥታ ፀሐይ እንዳያገኘው በረንዳው ጥላ ስር አስቀመጥኩት።

አምና ውርጩን ፈርቼ እምቡጥ እንደያዘ ሳሎን አስገባሁት። ረገፈ። ዘንድሮ ከቦታው አልነካሁትም። ያው ረገፈ። አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል፦ የበረንዳው አምፖል ለጥበቃ ሲባል ሌሊቱን ሙሉ ይበራል። ይህ ተክል ለማበብ ረጅም ጨለማ ይፈልጋል።

ደጋ ላይ ይህን ተክል ያሳደጋችሁ፣ እምቡጡን የሚያረግፈው የሌሊቱ ብርድ ነው ወይስ የአምፖሉ ብርሃን?