ጣና ጨው ከሌለው የጀልባ ሞተር ማጠብ ለምን?

ጠያቂ (ጎንደር)፦ ጎርጎራ ላይ 8 የፈረስ ጉልበት ያላት ትንሽ የጀልባ ሞተር አለችኝ። ከክረምቱ ወዲህ በጎኗ የምትተፋው የማቀዝቀዣ ውሃ እንደ ክር ቀጠነ። በንጹህ ውሃ እጠባት ስባል፣ ጓደኛዬ «ጣና ጨው የለው፣ ምን ሊጠቅምህ?» ይለኛል። ቤቴ ደግሞ ውሃ በፈረቃ ነው።

መልስ፦ ጨው ባይኖር ደለል አለ ወንድሜ! ውስጥ ገብቶ ይደርቃል። እኔ በርሜል ሞልቼ፣ ውሃ መሳቢያው በደንብ እስኪሰምጥ አስገባታለሁ። ማርሽ ፍሪ አድርጌ አስነሳትና፣ ነዳጅ ሳልጨምር በዝግታ 10 ደቂቃ ትዞራለች። ውጭ ላይ ታዲያ፤ ጭሱ አይቻልም። ደረቁን ግን እንዳታስነሳት! አንድ ዘመዴ «ድምጿን ልስማ» ብሎ አስነሳብኝና የውሃ ፓምፑ ጎማ ተበጣጥሶ ወጣ።

ሌላ መልስ፦ መጀመሪያ ሞተሩን አጥፍተህ የምትተፋበትን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ጎርጉር። መሳቢያው ወንፊት ላይም የእምቦጭ ሥር አይጠፋም፤ እኔ በመርፌ ነው የለቀምኩት።

ጠያቂ፦ ጎረጎርኩት። የደረቀ ጭቃ ወጣ፣ የምስር ፍሬ የምታክል። ውሃው ትንሽ ወፈር ብሏል፣ እንደ ድሮው ግን አይደለም። ነገ አዘዞ ወርጄ በርሜል እገዛለሁ።

መልስ፦ ካጠብካትም በኋላ ከቀጠነ ፓምፑን አስፈታው። እስከዚያ ሐይቅ እንዳትገባ።